መጀመሪያ ትንፋሹ፣ ቀጥሎ መርፌው፦ ትራማዶል ወይም ሞርፊን በዝቶበት ለወደቀ ሰው ናሎክሶን አሰጣጥ

ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ የተማሪዎች ኪራይ ቤት ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ተጠርተን ደረስን። አከራይዋ በር ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ደክሞት ነው እኮ። ሲያንኮራፋ ነው ያመሸው። ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል» አሉኝ። ልጁ ፍራሽ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። አሁን ማንኮራፋቱም የለም። ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ የማርከሻውን መድኃኒት፣ የናሎክሶንን አምፑል (ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) ፍለጋ ገባሁ። በስልክ መብራት አንድ በአንድ እያነሳሁ ስሙን አነባለሁ። አብራኝ የነበረችው ነርስ በሥራው ብዙ ዓመት ትቀድመኛለች። «መርፌው ይቆይ፤ መጀመሪያ ትንፋሹ!» ብላ ጮኸችብኝና አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ ከቦርሳዬ ነጥቃ ወሰደች። አገጩን ቀና አድርጋ አየር ሰጠችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። አመድ መስሎ የነበረው ከንፈሩ ቀለሙ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። መርፌው ገና እጄ ላይ ነበር።

ልጁ ተርፏል። እኔ ግን በፍለጋ ያባከንኳትን ያቺን ደቂቃ አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ ለአምቡላንስ ሠራተኞችና ለሰፈር በጎ ፈቃደኞች ሳሳይ የምጀምረው ከትንፋሹ ነው። እዚህም እንደዚያው አደርጋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መርፌውን የሚወጋው የሠለጠነና የተፈቀደለት ሰው ነው፤ ነርሱ፣ ጤና መኮንኑ፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያው። ትንፋሽ መስጠት፣ በጎን ማስተኛትና እርዳታ መጥራት ግን የሁላችንም ሥራ ነው። ፖሊስ ብትሆኑ፣ የባጃጅ ሹፌር ብትሆኑ፣ አከራይ ብትሆኑ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፈንታኒል፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ሄሮይን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኦፒዮይድ ይባላሉ። ሕመም ያስታግሳሉ። ሲበዙ ግን አንጎላችን «ተንፍስ» እያለ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያደክሙታል። ሰውየው ቀስ በቀስ መተንፈስ ይረሳል። የሚገድለውም ይኸው ነው።

ናሎክሶን እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ላይ የያዙትን ቦታ ቀምቶ ራሱ ይቀመጥበታል። ያኔ ትንፋሹ ይመለሳል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ፣ ጡንቻ ላይ ከተወጋ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል። ኦፒዮይድ ያልወሰደ ሰው ቢወጋ ምንም አይለውጥለትም፤ ጉዳት የማድረሱ ነገርም እጅግ አነስተኛ ነው። ሱስ አያስይዝም። ችግሩ አንድ ነው፦ ቶሎ ያልቃል። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ቆይቶ ቦታውን ይለቃል። ብዙዎቹ ኦፒዮይዶች ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ናሎክሶንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም እንዲህ ያለ አደጋ ሊያጋጥመው የሚችል ሰው ሁሉ ናሎክሶን ሊያገኝና አጠቃቀሙን ሊማር ይገባል ብሏል። አሜሪካ ውስጥ በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። እኛ እጅ ላይ የሚገኘው ግን በአብዛኛው አምፑሉ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.4 ሚሊግራም የያዘው።

«እኛ አገር ሄሮይን የት አለና?»

ይህን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሄሮይን መፈለግ አያስፈልግም። ትራማዶል አለ። ወገቤን ብሎ የጀመረው አለ፣ ጫት ከቃመ በኋላ ለምርቃና መስበሪያ ብሎ የሚውጠው አለ፣ ከአረቄ ጋር የሚደርበው አለ። ኦፒዮይድ ከአልኮል ወይም ከዲያዜፓም (ከማረጋጊያው መድኃኒት) ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያግዘዋል፤ ብቻውን ባልገደለ መጠን ይገድላል።

ሌላም አለ። በካንሰር የሚሠቃዩ እናት ቤት ውስጥ የሞርፊን ሽሮፕ ይኖራል። ልክ ያልሆነ ማንኪያ፣ ኩላሊት የደከመ ሰው፣ ጣፋጭ መስሎት የሚጠጣ ሕፃን። እነዚህ ሰዎች ሱሰኞች አይደሉም። ሞርፊኑም ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ የእኒያ እናት ሌሊት አይነጋም። መጠኑ ብቻ ነው የሳተው።

ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር አለ። ጉበታችን ውስጥ ኮዴይንንና ትራማዶልን ወደ ኃይለኛው መልካቸው የሚቀይር ኢንዛይም አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ደርበው ይዘው ተገኝተዋል። ይህ ከሰሜን አውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ይቀይረዋል። ጓደኛውን ያላደነዘዘ መጠን እሱን ሊጥለው ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ ሲል ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ ጓደኞቹ «ሁላችንም እኩል ነው የወሰድነው» ቢሏችሁ አትዘናጉ።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይኑር?

ቢያንስ 3 አምፑል ናሎክሶን፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ መስጠት የተለመደ ነው። ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ 23 ቁጥር የሆነና 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መርፌ፣ አልኮልና ጥጥ፣ ጓንት፣ አምቡ ባግ ከነጭንብሉ፣ ባትሪ፣ የስኳር መለኪያ፣ ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን፣ እስክሪብቶ። ናሎክሶኑን ለብቻው፣ ቀለሙ በሚለይ ትንሽ ከረጢት ያዙት። እኔ ያን ሌሊት የፈለግኩት ከሌሎች አምፑሎች ጋር ስለተቀላቀለ ነበር። አሁን ቀይ ከረጢት አለኝ፤ በጨለማም እጄ ያገኘዋል።

መድኃኒቱ ብርሃንና ሙቀት አይወድም። ጎንደር ከተማ ላይ አየሩ ደህና ነው። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ አምቡላንስ ውስጥ ግን ከመስታወቱ ሥር ከተውት ይበላሻል። ወንበር ሥር፣ ጥላ ውስጥ ይሁን።

1ኛ፦ ከመግባታችሁ በፊት እዩ፣ አሽትቱ

በሩ ላይ ሁለት ሰከንድ ቁሙ። ክፍሉ ውስጥ ከሰል እየነደደ ነው? በርና መስኮቱ ዝግ ነው? ያ የከሰል ጭስ መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ እናንተንም ይጥላችኋል። መስኮት ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ። የፀረ ተባይ ሽታ አለ? ጓንት አድርጉ፣ ልብሱን በባዶ እጅ አትንኩ። መሬት ላይ መርፌ ወድቋል? ከመንበርከካችሁ በፊት አንሱት።

2ኛ፦ ቀስቅሱት፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ደረቱን ተመልከቱ

ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ትከሻውን ነቅንቁ። ካልመለሰ የደረቱን መሐል አጥንት በጣታችሁ አንጓ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ተኝቶ የነበረ ሰው ያማርራል፣ እጃችሁን ይገፋል። ይሄኛው አይገፋም።

አሁን ደረቱን እዩ። 10 ሰከንድ ሙሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዴ ብቻ ከተነፈሰ ወይም ጭራሽ ካልተነፈሰ ችግር ውስጥ ነው። የሚያንኮራፋና የሚንኮሮኮር ድምፅም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ እየዘጋ ነው። «ያንኮራፋል፣ ደህና ነው» የሚለው ቃል ሰው ይገድላል።

የቆዳ ቀለማችን ጠቆር ያለ ስለሆነ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የታችኛውን ከንፈር ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ድዱን፣ የጥፍሩን ሥር፣ መዳፉን። ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ኦክስጅን አጥሮታል።

ቀጥሎ ዓይኑን በባትሪ። ኦፒዮይድ የዓይን ብሌንን የመርፌ ጫፍ ያሳክለዋል። አለመንቃት፣ የትንፋሽ መድከምና የጠበበ ብሌን ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ኦፒዮይድ ጠርጥሩ። ብሌኑ ስላልጠበበ ብቻ ግን አትተዉት። በትራማዶልና በፔቲዲን ላይጠብ ይችላል። ለረጅም ጊዜ አየር ያጣ ሰው ደግሞ ብሌኑ ሊሰፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ለጎንደር ሰው በተለይ ማለት የምፈልገው ነገር አለ። በዙሪያችን ገበሬ ነው ያለው፤ በየቤቱ የሰብል ፀረ ተባይ ይቀመጣል። በዚያ የተመረዘ ሰውም ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል! ልዩነቱን እንዲህ ያዙት፦ የኦፒዮይዱ ሰው ደረቅ ነው፤ የፀረ ተባዩ ሰው እርጥብ ነው። ምራቁ ይዝረከረካል፣ እንባው ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሽንትና ሰገራ ያመልጠዋል፣ ደረቱ በአክታ ይሞላል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ለእሱ የሚሆነው አትሮፒን ነው። ናሎክሶን አይጠቅመውም። ልብሱን አውልቁ፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል።

ስኳሩንም ለኩ። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ወርዶ ሲወድቅ ሰክሮ የተኛ ይመስላል፤ እሱ የሚፈልገው ግሉኮስ ነው። ከሁመራና ከመተማ የሰሊጥ ሥራ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ይዞት ራሱን ከሳተም ወባ ወደ አንጎል ወጥቶበት እንደሆነ አስቡ።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ይረዝማል። ሥራው ላይ ግን አንዱ ስኳር ሲለካ ሌላው ትንፋሽ እየሰጠ ነው። ምርመራው ትንፋሹን አያስጠብቅም።

3ኛ፦ አንድ ሰው መርጣችሁ እርዳታ አስጠሩ

«ኧረ አምቡላንስ ጥሩ!» ብሎ ለሁሉም መጮህ ለማንም አለመናገር ነው። ጣታችሁን ቀስሩ። «አንተ ቀይ ጃኬት የለበስከው፣ ደውል፤ ደውለህ ምን እንዳሉህ ንገረኝ።» ሌላውን ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ አቁሙት። ሰፈራችን ውስጥ የቤት ቁጥር ብሎ ነገር ብዙም አያደርስም። «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» ቢባል ይሻላል፤ እዚያ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በጥምቀት ሰሞን ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ከሆነ ሕዝቡን የሚከፍቱላችሁ ሁለት ጎረምሶች ፈልጉ፤ መኪናው እናንተ ጋ ከሚደርስ እናንተ ቃሬዛ ይዛችሁ ብትወጡ ይፈጥናል።

4ኛ፦ ትንፋሽ ስጡት

መጀመሪያ የደም ሥር ትርታውን አንገቱ ላይ ፈልጉ። ለዚህ ከ10 ሰከንድ በላይ አትቆዩ። ትርታ ከሌለ፣ ወይም እርግጠኛ ካልሆናችሁና ሰውየው ካልተነፈሰ፣ የደረት ግፊት ጀምሩ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 30 ግፊት ከዚያ 2 ትንፋሽ። ልቡ ለቆመ ሰው ናሎክሶን ከግፊቱ አይቀድምም።

ትርታ ካለና ትንፋሹ ከደከመ እንዲህ አድርጉ። በጀርባው ጠንካራ ቦታ ላይ አስተኙት። አፉ ውስጥ የሚታይ ነገር ካለ፣ ጫትም ይሁን ትውከት፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙራችሁ አጽዱለት። አንድ እጃችሁን ግንባሩ ላይ አድርጉ። በሌላኛው ሁለት ጣት የአገጩን አጥንት ወደ ላይ አንሱት። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ አየር ሲገባ ትሰማላችሁ።

አምቡ ባግ ካለ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ጭንብሉን በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። ብቻውን ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አየሩ በጎን ያመልጠዋል። ባግ ከሌለ አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ በአፍ ስጡት፤ በመሐል የሚጋርድ ነገር ካለ ጥሩ። ፀረ ተባይ ጠጥቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን በአፍ አትስጡ።

አንድ ትንፋሽ በየ5 ወይም በየ6 ሰከንዱ። በልባችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ብላችሁ በዝግታ ቁጠሩ፣ ከዚያ ስጡት። ደረቱ ከፍ ካለ በቂ ነው። ስንደነግጥ እጃችን ይቸኩላል። በኃይልና በፍጥነት ስንነፋ አየሩ ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ ያስመልሰዋል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ይሄዳል። ቀስ በሉ። እየቆጠራችሁ ስትሰጡ የእናንተም ልብ ይረጋጋል።

ቤተሰብ በዚህ መሐል ብዙ ነገር ያመጣል። ወተት፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሽንኩርት ማሽተት። ከፍቅር ነው፣ አትቆጧቸው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይገባም። እናቱ ጠበል ይዘው ከመጡ «እማማ፣ ግንባሩ ላይ ያድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ግን አይሁን» በሏቸው። እኔ እንደዚያ ብዬ የተቃወመኝ የለም።

5ኛ፦ መርፌው

ይህ ክፍል ለሠለጠናችሁ ነው። አንዱ ትንፋሽ እየሰጠ ሌላው ያዘጋጅ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጥቂት ትንፋሽ ከሰጣችሁ በኋላ አዘጋጁ።

የአምፑሉን ስም አንብቡ፤ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ጓደኛችሁም ይሰማል። አናቱ ላይ ያለው ፈሳሽ እንዲወርድ በጣት ነካ ነካ አድርጉት። የአምፑሉን አንገት በጎዝ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከራሳችሁ አርቃችሁ ስበሩት። 1 ሚሊ ሊትሩን በሙሉ ሳቡ፣ አየሩን አስወጡ።

ቦታው የታፋው ውጫዊ ጎን፣ ከዳሌና ከጉልበት መሐል ነው። የክንድ ላይኛው ጡንቻም ይሆናል። መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ሱሪ ለማውለቅ ጊዜ አትጨርሱ፤ አስፈላጊ ከሆነ በልብሱ ላይ ይወጋል። ያገለገለውን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑት፤ ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ። የወጋችሁበትን ሰዓት እጃችሁ ላይ ጻፉ።

ወደ ትንፋሹ ተመለሱ። 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ። ትንፋሹ ካልተሻሻለ ሁለተኛ 0.4 ሚሊግራም ስጡ። ከዚያም እንደዚያው። ግባችሁ ሰውየው በራሱ በደቂቃ 10 ወይም 12 ጊዜ እንዲተነፍስ ነው። ብድግ ብሎ እንዲያወራ አይደለም። ብዙ በአንዴ ከሰጣችሁት ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይቆጣል፣ ሮጦም ይወጣል።

የደም ሥር መስመር ካላችሁ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይቻላል። አንዱን አምፑል በ9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን አሟሙት፤ አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.04 ሚሊግራም ይይዛል። በየ2 እና 3 ደቂቃው አንድ አንድ ሚሊ ሊትር እየሰጣችሁ ትንፋሹን ተከታተሉ። በተለይ ለካንሰር ሕመም ሞርፊን ለሚወስዱ ሰዎች ይህ መንገድ ይመረጣል። ሕመማቸውን በአንድ ጊዜ አትመልሱባቸው። ከ5 ዓመት በታች ወይም ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ መጠኑ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው፤ አንዱ መጠን ከ2 ሚሊግራም አይለፍ።

በአጠቃላይ 10 ሚሊግራም ደርሶ ለውጥ ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ 2ኛው ተመልሳችሁ አስቡ። ዲያዜፓም፣ አልኮል፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ስኳር።

ትራማዶል ለብቻው ጠባይ አለው። ናሎክሶን የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፤ ናሎክሶን ይህን ሊያባብስ እንደሚችልም ይታወቃል። ስለዚህ በትራማዶል ወድቆ ግን ደህና እየተነፈሰ ላለ ሰው አትቸኩሉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ተከታተሉት። ትንፋሹ ከደከመ ግን ስጡት፤ መተንፈስ ይቀድማል። ቢያንቀጠቅጠው ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ዙሪያውን አጽዱ። ማንኪያ አፉ ውስጥ አይገባም። ክብሪት አይሸተትም።

6ኛ፦ በጎን ማስተኛትና መጓጓዣ

በራሱ መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙት። ወደ እናንተ ያለውን ክንድ ወደ ጎን ዘርጉ። የወዲያኛውን እጁን አምጥታችሁ መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጉ። የወዲያኛውን ጉልበት አጥፋችሁ ወደ እናንተ ሳቡት። ይገለበጣል። አገጩን ቀና አድርጉ። ሌሊት ከሆነ አልብሱት፤ የጎንደር ብርድ ለእንዲህ ያለ ሰው ከባድ ነው።

አምቡላንስ ከዘገየ ያው ባጃጅ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሲጠፋ አይቻለሁ። የሳተውን ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ያደርጉታል፣ ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ሆስፒታል በር ሲደርስ ትንፋሹ የለም። ከተቻለ ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ ፈልጉ። ባጃጅ ብቻ ከሆነ በጎኑ ጭናችሁ ላይ አስተኙት። አንድ ሰው ሥራው አገጩን ቀና አድርጎ መያዝና ትንፋሹን መቁጠር ብቻ ይሁን። ትንፋሹ ከቀነሰ ባጃጁን አስቁሙ፣ ትንፋሽ ስጡ፣ ከዚያ ሂዱ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለች አትርሱ። ጤነኛውም ሰው ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ትንሽ ዝቅ ይላል። ደግሞም ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። ከማሽኑ ይልቅ ደረቱን እመኑ።

7ኛ፦ ከነቃ በኋላ

ያ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል። ሰውየው ይነቃል። ያፍራል። «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ይላል። ቤተሰብም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነቃ» ብሎ ሊወስደው ይፈልጋል። እናንተ ሰዓታችሁን እዩ። ናሎክሶኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያልቅ ይችላል። ትራማዶሉ ግን ደሙ ውስጥ አለ። ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ተመልሶ ትንፋሹ ይቆማል። ያኔ የሚያየው የለም።

ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለበት። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ክኒን ወይም ሜታዶን የሚባለው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦፒዮይድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሕመም ተሰምቶት ሌላ ክኒን ልዋጥ ቢል አይሆንም።

በዝግታ አናግሩት። «ወንድሜ፣ መተንፈስ አቁመህ ነበር። መድኃኒት ሰጥተንሃል፣ እሱ ግን ቶሎ ያልቃል። ሁለት ሰዓት አብረን እንቆይ።» ልጅቷም ብትሆን፣ አባወራም ቢሆን በዚያው ቃና። ፖሊስ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥያቄው ይቆይ። ሰው በፍርሃት ከሸሸ መንገድ ላይ ነው የሚወድቀው። ጓደኞቹም በፍርሃት ካልደወሉ የሚቀጥለውን አንደርስበትም።

ምን እንደወሰደ ስትጠይቁ ሰው ፊት አይሁን። ይሉኝታ አለ፣ የቤተሰብ ስም አለ። ጓደኛውን ለብቻ ወደ ውጭ አውጡና «ማንም አይከሰስበትም ልልህ አልችልም፤ እኔ ግን ለሐኪሙ ብቻ ነው የምናገረው። ምን ዋጠ? ስንት? መቼ? አረቄ ነበር?» በሉት። የክኒኑን ማሸጊያ አብራችሁ ያዙ።

8ኛ፦ ርክክብ

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ በአጭሩ ተናገሩ፦ እንዴት እንዳገኛችሁት፣ ስንት ጊዜ ይተነፍስ እንደነበር፣ ስንት ሚሊግራም በየት በኩል እንደሰጣችሁ፣ ከዚያ ምን እንደተለወጠ፣ ምን ወስዷል ተብሎ እንደሚጠረጠር። ሰዓቱን ስትጽፉ በሀገራችን አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አብራችሁ ጻፉ። «4፡20 ናሎክሶን ተሰጠ» የሚለው ወረቀት ተቀባዩን ሐኪም በስድስት ሰዓት ሊያሳስተው ይችላል።

ራሱን ለማጥፋት አስቦ የወሰደው ከመሰላችሁ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩ። ብቻውን እንዳይቀመጥ አድርጉ።

ከዚያ ቦርሳችሁን ክፈቱ። የሰበራችሁትን አምፑል ከመጋዘን ጠይቃችሁ እዚያው ተኩ፤ ነገ አትበሉ። ጭንብሉን እጠቡ፣ የባትሪውን ድንጋይ ፈትሹ፣ የአምፑሎቹን ቀን እዩ። ቀዩን ከረጢት ወደ ቦታው መልሱት።